የእጅ ልክ ማኅደር፦ የቦውሊንግ ኳስ ታሪክ ከዓባይ ዳር እስከ ካርቱም

ለገላ የሚስማማ ዕቃ ማሠራት በተለመደበት አገር ሁሉ የሰውን ልክ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ባለሙያ አይጠፋም። ልብስ ሰፊው የትከሻንና የወገብን፣ ጫማ ሰፊው የእግርን፣ መነጽር ሠሪው የዓይንን ልክ ይይዛል። ደንበኛው ከዓመት በኋላ ሲመለስ መዝገቡ ይገለጣል፤ ሥራውም ካቆመበት ይቀጥላል። ከእነዚህ የልክ ሙያዎች መካከል በዓባይ ተፋሰስ አገሮች እምብዛም የማይታወቅ አንድ አለ፤ እርሱም ለቦውሊንግ ተጫዋች ኳሱን በእጁ ልክ የመብሳት ሙያ ነው። ታሪኩ ላይ ላዩን ሲታይ የመዝናኛ ታሪክ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን ማን ልኩ እንደተጻፈለት፣ ማን ሳይጻፍለት እንደቀረ፣ መዝገብ ሲጠፋም ምን አብሮ እንደሚጠፋ የሚያስረዳ ታሪክ ነው። ካርቱምም በውስጡ አጭር ምዕራፍ አላት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ሕፃን መቃብር

እንግሊዛዊው የሥነ ቅርስ ተመራማሪ ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1894 መጨረሻና በ1895 መጀመሪያ በላይኛው ግብፅ፣ ከሉክሶር በስተሰሜን በዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው በነቃዳ የጥንት መቃብሮችን አስቆፈረ። ከአንድ ሕፃን መቃብር ውስጥም ዘጠኝ ትንንሽ የማሰሮ ቅርጽ ያላቸው የድንጋይ ዕቃዎች፣ የድንጋይ ኳሶችና እንደ በር መቃን የሚገጠሙ ሦስት የእብነ በረድ ቁራጮች ተገኙ። ፔትሪ ዕቃዎቹን አንድ ላይ አሰናድቶ ኳሱን በትንሿ በር አሳልፎ የቆሙትን ለመጣል የሚደረግ ጨዋታ ነው ሲል ተረጐማቸው። ዕድሜያቸው ከ5,000 ዓመት በላይ ነው። በነቃዳው የልጅ ጨዋታና በዛሬው ቦውሊንግ መካከል ያልተቋረጠ ሐረግ መኖሩን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ባይኖርም፣ የቦውሊንግን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ትረካቸውን የሚጀምሩት ከዚህ መቃብር ነው።

ነገሩ ሆኖ በዚያው በ1895፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን፣ የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ የተባለው ማኅበር በኒው ዮርክ ከተማ ተመሠረተ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ደንብ ይጫወት ነበርና ማኅበሩ የጨዋታውን ሕግና የመሣሪያውን ልክ አንድ ወጥ የማድረግ ሥራ ያዘ። በዚህ መንገድ ከጸናው ሥርዓት ዛሬ የሚታወቁት ልኮች እነዚህ ናቸው። ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን 60 ጫማ ወይም 18 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር፤ የፒኑ ቁመት 15 ኢንች ወይም 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ የኳሱ ክብደት ከ16 ፓውንድ፣ ማለትም ከ7 ኪሎ ግራም ከሩብ ገደማ፣ የማይበልጥ። ጣውላው፣ ፒኑና ኳሱ እንዲህ በሕግ ተወሰኑ። የሰው እጅ ግን በሕግ እኩል አይሆንም። የልክ ባለሙያው ሥራ የተወለደውም ከዚህ ነው።

ኳሱን ለእጅ ማስገዛት

የቀድሞዎቹ ኳሶች ሊግነም ቪቴ ከተባለ እጅግ ጠንካራ የሐሩር አገር እንጨት ይሠሩ ነበር። በ1905 ከጎማ የተሠራ ኳስ ለገበያ ቀረበ። በ1914 ደግሞ የስዊስ ተወላጁ ጆን ብረንስዊክ በ1845 በሲንሲናቲ ያቋቋመው ኩባንያ ሚነራላይት የተባለውን ጎማ ኳስ አወጣ። በቀድሞው ኳስ ላይ ለአውራ ጣትና ለመሐል ጣት ሁለት ቀዳዳ ብቻ መብሳት የተለመደ ነበር፤ በኋላ ለቀለበት ጣት ሦስተኛው ተጨመረ። ተጫዋቾች የየራሳቸውን ኳስ መግዛት ሲያዘወትሩ ከመጫወቻ አዳራሾቹ ጎን ኳስ የሚሸጥባቸው፣ እጅ የሚለካባቸውና ቀዳዳ የሚበሳባቸው ሱቆች ተስፋፉ። በእንግሊዝኛው አጠራር ፕሮ ሾፕ የሚባሉት እነርሱ ናቸው።

በዚህ ሱቅ ውስጥ ደንበኛው በመጀመሪያ የሚያየው ማሽኑን አይደለም። ባለሙያው እጁን ይይዝና ቆዳውን ይመለከታል። ጠንክሮ ያበጠ ቆዳ ወይም ውኃ የቋጠረ ቦታ ካለ የቀድሞው ኳስ የት ላይ እንደማይስማማው ያመለክታል። ቀጥሎ ብዙ ዓይነት ቀዳዳ ያለው መለኪያ ኳስ ይመጣል። በእርሱ አማካይነት ከአውራ ጣት ቀዳዳ ጠርዝ እስከ ሌሎቹ ጣቶች ቀዳዳ ጠርዝ ያለው ርቀት ለመሐል ጣትና ለቀለበት ጣት ለየብቻ ይወሰዳል፤ ሁለቱ ርቀቶች በአብዛኛው ሰው እጅ ላይ እኩል አይደሉምና። ጀማሪ ጣቶቹን እስከ ሁለተኛው አንጓ ያስገባል። የለመደ ተጫዋች ግን እስከ መጀመሪያው አንጓ ብቻ ማስገባት ይመርጣል፤ እንዲህ ሲሆን ኳሱን በሚለቅበት ጊዜ ይበልጥ ያሽከረክረዋል። ስለዚህ አንዱ እጅ እንደ አያያዙ ሁለት የተለያየ ልክ አለው።

የቀዳዳው ስፋት በኢንች 64ኛ ክፍልፋይ ይለካል። ይህም ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ነገሩ ከወረቀት ውፍረት ብዙም ያልራቀ ቢመስልም አውራ ጣት ይለየዋል። ቀዳዳው ከጠበበ ጣት ተጣብቆ ይዘገያል፤ ከሰፋ ደግሞ ተጫዋቹ ኳሱ እንዳያመልጠው ጨብጦ ይይዛል፤ የጨበጠ እጅም በትክክል አይለቅም። ከስፋቱ ሌላ የቀዳዳው ዘንበልታ አለ፤ ወደ ኳሱ እምብርት ቀጥ ብሎ ይገባል ወይስ ወደ መዳፉ፣ ወደ ውጭ ወይም ወደ ጎን ያጋደለ ነው? አውራ ጣቱ እንደ ልብ የሚታጠፍ ሰውና መገጣጠሚያው የደረቀ ሰው አንድ ዓይነት ዘንበልታ አይበሳላቸውም። ርቀቱ ከልክ በላይ ከተዘረጋ የአውራ ጣት ሥር ጅማት ይጎዳል። ሰባት ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ ለሚያነሣ ሰው የዚህ ስሕተት ዋጋ ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ በካርድ ላይ ይሰፍራል። ጥሩ ማኅደር ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የሰውየው ነው፦ የትኛው እጁ እንደሚወረውር፣ ርቀቶቹ፣ የቀዳዳዎቹ ስፋትና ዘንበልታ፣ በሁለቱ ጣቶች ቀዳዳ መካከል የሚቀረው ስስ ድንበር፣ የቆየ ጉዳት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ካለው እርሱ፣ የተለካበትም ቀን። ሁለተኛው ክፍል የኳሱ ሲሆን ደንበኛው ለገዛው ለእያንዳንዱ ኳስ ራሱን የቻለ ገጽ ይከፈትለታል። በእርሱ ላይ የኳሱ ስም፣ መለያ ቁጥሩና ክብደቱ፣ በውስጡ የተቀበረው እምብርት ከቀዳዳዎቹ አንጻር በየት በኩል እንዲውል እንደተደረገም ይጻፋል። ለዚህም የጣውላው ዘይት ምስክር ይሆናል። ኳሱ ሲንከባለል በገጹ ላይ የዘይት ቀለበት ይቀርበታል፤ ባለሙያው ከቀለበቱ ተነሥቶ ኳሱ በየትኛው ምሰሶ ዙሪያ እንደሚሽከረከር ያሰላል። በዚህ ረገድ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ኳስ ገዝተው አንድ ዓይነት ውጤት አያገኙም።

የሙያው ብልኃት አሮጌውን ቁጥር አለመፋቅ ነው። እጅ ጠዋትና ማታ፣ በበጋና በክረምት፣ በወጣትነትና በእርጅና አንድ አይደለም፤ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ ይደርቃል። አዲሱ ልክ ከአሮጌው ሥር ከነቀኑ ሲጻፍ ካርዱ የእጁ ታሪክ ይሆናል። ያልተስማማ ቀዳዳ በሙጫ መሰል ፈሳሽ ተደፍኖ፣ ሲጠነክር እንደገና ሊበሳ ይችላል። ለዚያ ግን ቀድሞ የተሞከረውንና ያልሠራውን ማወቅ ያስፈልጋል። የተሳካው ብቻ የተጻፈበት መዝገብ ያንኑ ስሕተት ሁለተኛ ያስደግማል።

ካርዱ የሕግንም ለውጥ ይመሰክራል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዩረቴን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጣውላውን ይበልጥ የሚቆነጥጡ የሬዚን ኳሶች ሲመጡ የቀዳዳ አቀማመጥ ስሌት ተራቀቀ፤ ሚዛን ለማስተካከል ጣት የማይገባበት ተጨማሪ ቀዳዳ መብሳትም የተለመደ ሆነ። ከኦገስት 1 ቀን 2020 ጀምሮ ግን የአሜሪካው የቦውሊንግ አስተዳደር በውድድር ኳስ ላይ ለመያዣ የማያገለግል ቀዳዳ እንዳይኖር ከለከለ። በየሱቁ የነበሩ ብዙ የኳስ ገጾች በዚያ ቀን አረጁ፤ የእጆቹ ገጾች ግን እንዳሉ ጸኑ።

ያልተመዘገቡት እጆች

የጨዋታው ታሪክ ሌላ ገጽታም አለው። ፒን በመሣሪያ መቆም ከመጀመሩ በፊት የወደቁትን እየለቀሙ የሚያቆሙ፣ ኳሱንም ወደ ወርዋሪው የሚመልሱ ልጆች ነበሩ። በአሜሪካ ራሱን የቻለ ማቆሚያ መሣሪያ በ1946 በቡፋሎ ለሕዝብ ታየ፤ በ1950ዎቹም ተስፋፍቶ የእነዚህን ልጆች ሥራ ተካ። በአፍሪካ ቀንድ ግን ታሪኩ በተቃራኒው ሄደ። ኤርትራ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት አሥርት ዓመት በአስመራ የቦውሊንግ አዳራሽ ተሠራ። በቃኘው ጣቢያ ለነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች መዝናኛ እንዲሆን የተሠራ ነው ይባላል። ጣቢያው ስሙን ያገኘው ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ሲሆን፣ ቃኘው የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነበር። አሜሪካውያኑ በ1977 ጣቢያውን ለቀው ወጡ፤ አዳራሹ ግን ከእነርሱ በኋላ ቆየ፤ ፒኖቹም በሰው እጅ መቆማቸውን ቀጠሉ። አስመራ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ዓለም ያደነቀው የሕንፃዎቿን ውበት ነው።

በውጤት ወረቀት ላይ የወርዋሪው ስም ይጻፋል፤ በሱቁ ካርድ ላይ የወርዋሪው እጅ ይለካል። በመስመሩ ማዶ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ውርወራ አሥሩን ፒን የሚያቆመው ሰው እጅ ግን በየትኛውም ካርድ ላይ አይገኝም። ያለ እርሱ ሁለተኛ ውርወራ አልነበረም። ስለ ልክና ስለ መዝገብ የሚናገር ሁሉ ይህን ማሰብ ይገባዋል።

ካርቱም፦ የቤት ኳስና የሰፊው ደብተር

ሱዳን በ1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች፤ በጃንዋሪ 2005 የሰሜንና የደቡቡን ጦርነት የቋጨው አጠቃላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በእነዚያ ዓመታት ካርቱም በአዳዲስ ሕንፃዎች ስትሞላ በአርከዊት አካባቢ አፍራ ሞል የተባለው የገበያ ማዕከል ተከፈተ። ከሱቆቹና ከሲኒማው ጋር የቦውሊንግ መጫወቻም ነበረው። ለብዙ የከተማይቱ ነዋሪዎች፣ ከእነርሱም ጋር ለኖሩት ሐበሾች፣ ጨዋታውን በዓይን ማየት የተቻለው እዚያ ነበር።

እንዲህ ባለው መዝናኛ የሚገኘው ኳስ የቤት ኳስ ይባላል፤ ቀዳዳው ለሁሉም ይሆናል ተብሎ ስለሚበሳ ለማንም በትክክል አይሆንም። ተጫዋቹ ከመደርደሪያው የሚቀርበውን ያነሣል፣ ይጫወትበታል፣ ይመልሰዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው የሰው ኳስም እጅን አያሠለጥንም። ከ1997 እስከ 2017 አሜሪካ በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ ስለነበረም የጨዋታው ዋና መሣሪያዎች ከተወለዱበት አገር በቀጥታ ሊመጡ አይችሉም ነበር።

ይሁን እንጂ ካርቱም ልክ የመመዝገብን ጥበብ ከማንም መማር አላስፈለጋትም። በሱቅ አረቢና በኡምዱርማን ገበያ በረንዳዎች ሥር መኪናቸውን ዘርግተው የኖሩት ተርዚዎች፣ ማለትም ልብስ ሰፊዎች፣ ይህንኑ ሙያ በጀላቢያና በሱሪ ላይ ሲሠሩበት ቆይተዋል። ደንበኛው የትከሻውን ስፋት፣ የእጅጌውን ርዝመት፣ የወገቡን ዙሪያ ይለካል፤ ቁጥሩም ከስሙ ጎን በደብተር ይሰፍራል። በቦውሊንግ ሱቅ ካርድና በተርዚ ደብተር መካከል ያለው ልዩነት የዕቃው እንጂ የሐሳቡ አይደለም። ሁለቱም ደንበኛውን ከመንገደኛ የሚለዩት በዚያች ገጽ ነው።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተነሣው ጦርነት እነዚህን ገበያዎች ለእሳትና ለዘረፋ ዳረጋቸው። ነዋሪው ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ቻድና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የጠፋው ንብረት ሲቆጠር መኪናው፣ ጨርቁና መሰርሰሪያው ይጻፋል፤ ዋጋ አላቸውና። የደንበኞች ደብተር ግን በገበያ ስለማይሸጥ ከቆጠራው ይቀራል። ሰውየው ገላውን ይዞ ስለተሰደደ የዛሬው ልኩ ከእርሱ ጋር ነው፤ በማንኛውም ከተማ እንደገና ሊለካ ይችላል። የማይመለሰው የአሥር ዓመቱ ልክ፣ የተሞከረውና ያልተስማማው፣ ባለሙያው በኅዳጉ የጻፈው ማስታወሻ ነው። መኪና ገዝቶ ሥራ የጀመረ ባለሙያ ሁለተኛ ጀማሪ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማርች 2025 የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ከተሰደዱት የተመለሱ አሉ። ተመልሶ በረንዳው ሥር ለሚቀመጥ ሰፊ፣ ወይም አንድ ቀን በዚያች ከተማ ኳስ ለሚበሳ ባለሙያ፣ ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ነገር ቀላል ነው። ካርዱ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በሱቁ ይቀመጥ፣ ሌላው ከደንበኛው ጋር ይሂድ። ልኩ የደንበኛው ነውና ሱቁ ሲቃጠል አብሮ መቃጠል የለበትም።