የቆለጥ ኤፒደርሞይድ ሲስት

የቆለጥ ኤፒደርሞይድ ሲስት በወንድ የዘር ፍሬ ውስጥ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የማይሰራጭ እባጭ ነው። ከቆለጥ ዕጢዎች ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ድርሻ ያለው ሲሆን፣ በብዛት የሚታየው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

እባጩ ጠጠር ያለና አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የሌለው ነው። ከባዱ ነገርም ይኸው ነው፤ የቆለጥ ካንሰርም ሲጀምር እንዲሁ ስለሆነ በእጅ ዳሰሳ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

በአልትራሳውንድ ሲታይ በውስጡ የተነባበረው ኬራቲን የተባለ የቆዳ ፕሮቲን ብዙ ጊዜ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይወጣል፤ የደም ፍሰትን በሚያሳየው የዶፕለር ምርመራም የደም ዝውውር አይገኝበትም። በደም ምርመራ የቆለጥ ካንሰር ጠቋሚ የሆኑት የአልፋ ፌቶፕሮቲንና የቤታ ኤች.ሲ.ጂ. መጠን አይጨምርም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ካንሰሮችም እነዚህን ስለማይጨምሩ ውጤቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ቁርጡን የሚናገረው የፓቶሎጂ ምርመራ ነው። ፕራይስ የተባለ ተመራማሪ በ1969 እ.ኤ.አ. የ69 ታማሚዎችን ጉዳይ መርምሮ ባወጣው መስፈርት መሠረት፣ ሲስቱ በቆለጡ ሥጋ ውስጥ መገኘት፣ ግድግዳው ቆዳ መሰል ሕዋሳት የለበሰ መሆንና ኬራቲን መያዝ አለበት፤ የቴራቶማ (ልዩ ልዩ የሕብረ ሕዋስ ዓይነቶችን የያዘ ዕጢ) ምልክት ግን ፈጽሞ ሊኖርበት አይገባም። ቀዶ ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ገብቶ ናሙናው እዚያው በቅዝቃዜ ጠጥሮ ሲመረመር ካንሰር አለመሆኑ ከታወቀ፣ እባጩ ብቻ ወጥቶ ቆለጡ ይተርፋል።