ሁለተኛው ባለቤት፦ ያገለገለ የኃላፊ መኪና ገበያ እና የመተማመን ታሪክ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ይልቅ ለመኪና መሸጫ ግቢ የሚስማማ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ያገለገለ የኃላፊ መኪና ግዢ ነው። የኃላፊ መኪና የምለው እንግሊዞች «ኤግዚኩቲቭ ሳሉን» የሚሉትን፣ ከተራው የቤት መኪና ከፍ ያለውን፣ ከመኳንንቱ መኪና ግን ዝቅ ያለውን ባለ አራት በር አውቶሞቢል ነው። አንድ ሰው ገንዘቡን ቆጥቦ፣ ኦቶማቲክ ማርሽ፣ የቆዳ መቀመጫ ወይም ብርቱ ሞተር ያለው እንዲህ ያለ መኪና ከሌላ ሰው እጅ ሊገዛ ሲወጣ በእርግጥ የሚገዛው ምንድን ነው? የእኔ መልስ አጭር ነው። ሁለተኛው ባለቤት የሚገዛው የመጀመሪያውን ባለቤት ምርጫና አያያዝ ነው፤ ያንን የማያውቀውን ታሪክ የሚያነብለት ተቋም ከሌለ ደግሞ የሚገዛው ዕጣ ነው። ይህንን ለማሳየት የብሪታንያን ታሪክ እከተላለሁ፤ በመጨረሻም ወደ አገራችን እመለሳለሁ። ካልገለጽሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኃላፊው መኪና በብሪታንያ የትውልድ ዘመን አለው ቢባል ዘመኑ 1963 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር በለንደን የኧርልስ ኮርት የመኪና ትርኢት ላይ ሁለት ተፎካካሪዎች በአንድነት ቀረቡ፤ ሮቨር 2000 እና ትራያምፍ 2000። ከዚያ በፊት ክብር ያለው መኪና ማለት በአብዛኛው ግዙፍ ሞተርና ግዙፍ አካል ያለው ማለት ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን በሁለት ሊትር ሞተር ምቾትንና ክብርን አጣምረው አቀረቡ። ትራያምፍ ስድስት ሲሊንደርና ጣሊያናዊው ሚኬሎቲ የነደፈው መልክ ነበረው። ሮቨር ደግሞ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን ይዞ መጣ፤ በ1964 የመጀመሪያውን «የአውሮፓ የዓመቱ መኪና» ሽልማት ያገኘውም እርሱ ነበር። ደንበኞቻቸው አዲሱ የሙያተኛ መደብ ነበሩ፤ ሐኪሙ፣ የሕግ ባለሙያው፣ የኩባንያው ክፍል ኃላፊ።

ብዙም ሳይቆይ ግን ለውጥ መጣ። መኪናውን የሚነዳው ሰውና የሚገዛው አካል ተለያዩ። በ1970ዎቹ የብሪታንያ መንግሥታት የዋጋ ንረትን ለመግታት የደመወዝ ጭማሪን በተደጋጋሚ ገደቡ። ከ1974 እስከ 1979 በደመወዝ ገቢ ላይ የሚጣለው ከፍተኛው የግብር መጣኔ 83 በመቶ ነበር። ኩባንያዎች ለኃላፊዎቻቸው ደመወዝ መጨመር ሲያዳግታቸው፣ ቀላል ግብር የሚከፈልበትን መኪና በጥቅማ ጥቅም መልክ ሰጡ። የ1976 የፋይናንስ ሕግ ይህን ጥቅም በተወሰነ ሠንጠረዥ ለግብር ቢያስገባውም ልማዱ አልተገታም። እንዲህም ሆኖ መኪናው የማዕረግ ምልክት ሆነ። ለማን ኦቶማቲክ ማርሽ ይሰጥ፣ ለማን የተሻለ መቀመጫ ይገባ የሚለውን የሚወስነው የነጂው ፍላጎት ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱ የእርከን ዝርዝር ነበር።

ይህ ለሁለተኛው ባለቤት ሁለት ውጤት አስከተለ። አንደኛው በጎ ነው፤ አዲስ መኪና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያጣውን ከፍተኛ ዋጋ ኩባንያው ስለሚሸከም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ መምህር ወይም ነጋዴ የኃላፊውን መኪና በተራ መኪና ዋጋ ሊያገኘው ቻለ። ሁለተኛው ግን ያን ያህል አይነገርም፤ ሁለተኛው ባለቤት የሚመርጠው ከተመረጠው ውስጥ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ገዢ ያላዘዘውን ነገር ሁለተኛው ገዢ በገንዘቡ አያመጣውም።

ከሮቨር ታሪክ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ኩባንያው በ1968 ለዚያው መኪና ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ገጥሞ 3500 ብሎ ሰየመው። ይህ መኪና በመጀመሪያ የቀረበው በኦቶማቲክ ማርሽ ብቻ ነበር፤ በእጅ ማርሽ የሚሠራው 3500 ኤስ የወጣው በ1971 መገባደጃ ላይ ነው። ስለዚህ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሮቨርን ከእጅ ማርሽ ጋር የሚፈልግ ገዢ ገበያውን ሁሉ ቢያስስ ከዚያ ጊዜ በፊት ከፋብሪካ የወጣ አንድም አያገኝም። የሻጭ ማስታወቂያ ይህን ላይነግረው ይችላል፤ የሚነግረው የምርቱን ታሪክ ማወቅ ነው። የተለየ ዕቃ ያለው መኪና መፈለግ በመሠረቱ የታሪክ ምርምር ነው የምለው ስለዚህ ነው፤ የትኛው ነገር መቼ ተሠራ፣ ለማን ተሰጠ፣ በምን ሁኔታ ቆየ ብሎ መጠየቅ ነውና።

ከሦስቱ ጥያቄዎች እጅግ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። የዚያው ሮቨር አሠራር ነገሩን በግልጽ ያሳያል። መኪናው ውስጣዊ የብረት አጽም ነበረው፤ ከውጭ የሚታየው ላሜራ በዚህ አጽም ላይ በብሎን የሚታሰር ልባስ እንጂ ክብደት ተሸካሚ አልነበረም። ለጥገና ምቹ ነው፤ የተጎዳውን ላሜራ ፈትቶ በሌላ መተካት ይቻላል። ለሁለተኛው ገዢ ግን አደጋው እዚሁ ላይ ነው። ላሜራው አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሲያብረቀርቅ፣ ከሥሩ ያለው አጽም በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። አበው «ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ይህን ችግር በንድፈ ሐሳብ ያስቀመጠው አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ ነው። በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን በምሳሌነት ይወስዳል። አሜሪካውያን መጥፎ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል፤ በጥምቀት ሎሚ ለሚወረወርበት ሕዝብ ስሙ የሚያስደንቅ ነው። መከራከሪያው እንዲህ ነው። ሻጩ የመኪናውን ጠባይ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። የማያውቅ ገዢ የሚያቀርበው መካከለኛ ዋጋ ነው። ደኅና መኪና ያለው ሰው በመካከለኛ ዋጋ መሸጥ ስለማይፈልግ ከገበያው ይወጣል። እርሱ ሲወጣ የቀሩት መኪናዎች ጥራት ይወርዳል፤ ገዢውም ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፤ ሌላው ደኅና ሻጭም ይወጣል። ጽሑፉን ሦስት መጽሔቶች አልቀበልም ካሉት በኋላ በአራተኛው ታተመ፤ በ2001 ደራሲው የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሊቃውንት አንዱ ሆነ።

የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። አመክንዮው ትክክል ከሆነ የብሪታንያ ያገለገለ መኪና ገበያ ለምን አልፈረሰም? አከርሎፍ ራሱ ዋስትናንና የንግድ ስምን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን ጠቁሟል። የእኔ ንባብ ግን ከዚህ ይሰፋል፤ ገበያውን ያቆመው በአንድ ቀን ያልታወጀ፣ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የተደራረበ የሕዝብ ዕውቀት ነው።

በ1938 ለመኪና አበዳሪዎች የሚያገለግል መዝገብ ተቋቋመ፤ በየወሩ እየተከፈለ የሚገዛ መኪና ዕዳው ሳያልቅ እንዳይሸጥ ይከታተል ነበር። በ1964 ሕጉ አንድ እርምጃ ሄዶ፣ ባለዕዳ መኪና መሆኑን ሳያውቅ በቅን ልቦና የገዛ ግለሰብ መኪናውን እንዳይነጠቅ ጥበቃ ሰጠው። በ1960 የዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ግዴታ ተጀመረ፤ በመጀመሪያ አሥር ዓመት የሞላቸውን፣ በ1961 ሰባት ዓመት የሞላቸውን፣ በ1967 ደግሞ ሦስት ዓመት የሞላቸውን መኪናዎች አካተተ። ሮቨርና ትራያምፍ በታዩበት በ1963 የመኪና ሰሌዳ የምዝገባውን ዘመን የሚያመለክት ፊደል መያዝ ጀመረ። ፊደል የሚለይ ሁሉ የመኪናውን ዕድሜ ከመንገድ ዳር ሊያነበው ቻለ። በ1968 የወጣው የንግድ መግለጫዎች ሕግ የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ መልሶ መሸጥን በወንጀል የሚያስከስስ አደረገው። በ1973 ደግሞ ነጋዴ ለተራ ሸማች የሚሸጠው ዕቃ ተገቢ ጥራት እንዲኖረው ከሚያስገድደው ግዴታ በውል አንቀጽ ማምለጥ ተከለከለ። ከ1933 ጀምሮ በነጋዴዎች እጅ ብቻ ይዘዋወር የነበረው ዓይነት የዋጋ መመሪያም በ1970ዎቹ ለሕዝብ በሚሸጡ መጻሕፍት መልክ መውጣት ጀመረ።

እያንዳንዱ እርምጃ አንዱን የሻጭ ምስጢር ወደ አደባባይ አወጣ፤ ዕዳውን፣ ደኅንነቱን፣ ዕድሜውን፣ የሄደበትን ርቀት፣ ዋጋውን። ይሁን እንጂ ሕግ የሚደርስበት ወሰን አለው። በ1965 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያገለገለ የጃጓር መኪና ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። ሻጩ ፍሪሲዮኑ መጠነኛ ጥገና እንደሚያስፈልገው ለገዢው ነግሮታል፤ በኋላ ጉድለቱ ከተገመተው በላይ ሆኖ ተገኘ። ሎርድ ዴኒንግ ለሻጩ ፈረዱ። የሐሳባቸው ጭብጥ፣ ያገለገለ መኪና ፍጹም ባይሆንም ለመንዳት እስከዋለ ድረስ ለገበያ የሚበቃ ነው፤ አሮጌ የሚገዛ ሰው ጉድለት ፈጥኖም ሆነ ዘግይቶ ሊገለጥ እንደሚችል መገንዘብ አለበት የሚል ነበር።

ፍርዱ ጨካኝ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ሐቀኛ ሆኖ አገኘዋለሁ። ተቋም የአሮጌን ዕቃ አደጋ አያጠፋም፤ አደጋውን ለማን እንደሚያሸክም ይወስናል። የኃላፊ መኪና ገዢ ደግሞ ከሌሎች ይልቅ የሚሸከመው ይበዛል። የዓመታዊው ምርመራ ዋና ትኩረት ፍሬን፣ መብራትና መሪ ነበር። ገዢው የተመኛቸው ነገሮች፣ ማለትም ኦቶማቲክ ማርሹ፣ የቆዳ መቀመጫው፣ የሚከፈተው ጣሪያ፣ ከመርማሪው ዓይን ውጪ ናቸው። ምቾት የግል ጉዳይ ነውና መንግሥት አይመረምረውም። ከዚህ ላይ የጥገና ሒሳብ ይጨመራል። የመኪናው ዋጋ ከዕድሜው ጋር ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም። በተራ መኪና ዋጋ የተገዛ የኃላፊ መኪና የሚጠገነው በኃላፊ መኪና ዋጋ ነው። በዚህ ምክንያት ከማናቸውም ዕቃ በላይ ዋጋ ያለው የጥገና መዝገቡ ነው እላለሁ፤ የትኛው ክፍል መቼ ተለወጠ፣ ማን ለወጠው የሚለውን የያዘው ያ ትንሽ ደብተር።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር «ሊብሬ»፣ የዓመታዊ ምርመራውን ምልክት «ቦሎ» እንላለን፤ ሁለቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ባለቤትነትንና ዓመታዊ ምርመራን የሚመለከቱት ተቋማት እንግዲህ አሉን። የቀረው ዕውቀት ግን በአብዛኛው በደላላው አንደበትና በሜካኒኩ ጆሮ ውስጥ ይኖራል። ገዢው የሚያምነውን ሜካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ ሜካኒኩ ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል፤ ከሥር ገብቶ ይመለከታል። ይህን ዕውቀት አልንቅም። ጥልቅ ነው፤ ነገር ግን አይጻፍም፤ ስላልተጻፈም አይወረስም። መልካም ሜካኒክ የማያውቅ ገዢ ከዚህ ዕውቀት ተካፋይ አይሆንም።

ጉዳዩ ዛሬ ክብደት የሚኖረው በሁለት የቅርብ ዘመን ውሳኔዎች ምክንያት ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012፣ ቁጥሩ እንደሚያመለክተው በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው፣ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር ሲገቡ ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፈልባቸው አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የውሳኔዎቹ ተገቢነት የዛሬ ርእሴ አይደለም። ውጤታቸው ግን ያገባኛል። አዲስ መጪ ሲቀንስ፣ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ያረጃሉ፤ ሁለተኛው ባለቤት ሦስተኛ፣ ሦስተኛውም አራተኛ ይሆናል። በእያንዳንዱ ዝውውር ካልተጻፈው ታሪክ ጥቂቱ ይጠፋል። ዕድሜን መሠረት ያደረገ ታክስ ስለ መኪናው ዕድሜ ብቻ ይናገራል። በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት መኪናዎች አንዱ በእንክብካቤ፣ ሌላው በቸልታ ተይዞ ከሆነ በታክስ ሠንጠረዥ ፊት እኩል ናቸው፤ በመንገድ ላይ ግን እኩል አይደሉም።

ስለዚህ ከብሪታንያ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ሕጎቻቸውን እንቅዳ የሚል አይደለም። የምወስደው፣ መተማመን ሊመዘገብና ሊከማች የሚችል ነገር መሆኑን ነው። በየዓመቱ ቦሎ ሲወሰድ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቁጥር ቢጻፍና ገዢ ሊያየው ቢችል፣ ጥገና ቤቶች የሠሩትን ሥራ ከመኪናው የሻንሲ ቁጥር ጋር ቢመዘግቡ፣ ብዙ የሻጭ ምስጢር ያለ ክስና ያለ ጠብ ይገለጣል። ደኅና መኪና ያለው ሻጭም ደኅንነቱን የሚያስመሰክርበት ሰነድ ስለሚያገኝ ከገበያው አይሸሽም።

ለተማሪዎቼ የማስተላልፈው የጥናት ጥሪ አለኝ። የነገሥታት ዜና መዋዕልና የጦርነት ታሪክ የሚገባቸውን ትኩረት አግኝተዋል። የሊብሬ ደብተሮች፣ የሽያጭ ውሎች፣ የጋራዥ ደረሰኞች ግን አንባቢ ይጠብቃሉ። በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ አንድ ማኅበረሰብ እንግዳን ሰው በምን ያህል እንደሚያምን፣ ሲታለልም ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም ተጽፎ ይገኛል። አረጋውያን ሜካኒኮችና ደላሎች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን መመዝገብም የእናንተ ፋንታ ነው።