የመተማ መንገድና የቆዳ ኪስ ስፌት

የመተማ ስም በተነሣ ጊዜ አንባቢው ቀድሞ የሚያስበው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የተደረገውን ጦርነትና ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለሞት ያበቃቸውን ቁስል የቆሰሉበትን ያንን መራር ዕለት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወታደሩ በወገቡ የታጠቀው ዝናር፣ በአንገቱ ያንጠለጠለው ክታብ፣ በዘመኑ ሥርዓትም ከንጉሥ ሠራዊት ጋር የሚጓዙት ካህናት በትከሻቸው የሚያነግቱት ማኅደር፣ ሁሉም በወስፌ እየተበሱ በእጅ የተሰፉ የቆዳ ሥራዎች ሲሆኑ፣ ለዚህ ጥበበ እድ የተጻፈለት ታሪክ እጅግ ጥቂት ነው። ዛሬ ሰው መታወቂያውንና የባንክ ካርዱን ለይቶ የሚከትባት ባለ ብዙ ኪስ ቦርሳ የእነዚህ የሦስቱ የቅርብ ዘመድ መሆኗን አምናለሁ፤ ስፌቷ እንዳይተረተር የሚጠብቃት ሕግም ከእነርሱ ሕግ የተለየ አይደለም።

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ቡናና ሰም፣ ዝባድና ወርቅ የሚያልፍበት፣ ሰውም ሳይቀር በባርነት የሚሸጥበት የታወቀ የንግድ ጎዳና ነበረ፤ ይህ የመጨረሻው በደል መሸሸግ የለበትም። የነጋዴው ስንቅ በአቅማዳ፣ እህሉ በስልቻ፣ ጭነቱም በጠፍር ታስሮ ይሄድ ስለ ነበረ፣ ቆዳ ለዚያ መንገድ ራሱ አንድ ሸቀጥ ከመሆኑ በፊት የሸቀጡ ሁሉ ተሸካሚ ነበረ። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወጥቶ በዚሁ ቆላ፣ በዘመኑ ራስ ኤል ፊል በሚባለው አገር በኩል ወደ ስናር ሲሻገር፣ ወደ አውሮፓ ይዟቸው ከሄዳቸው መጻሕፍት መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ 3 ቅጂዎች ይገኙ ነበር።

በዚያው በመተማና በጎረቤቷ በገላባት ዙሪያ ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ ለሐጅ የሚሄዱ፣ ወይም ከዚያ የሚመለሱ፣ ተክሩር የሚባሉ ሰዎች ሰፍረው ነበር። የእንግሊዙ ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. ሲደርስ አገሩን የሚገዙት እነርሱ እንደ ነበሩ ጽፏል። ከእነርሱ የትውልድ አገር አንዱ የሆነው የሐውሳ ምድር በፍየል ቆዳ ሥራ የታወቀ ነው፤ ቆዳው ሰሐራን ተሻግሮ በማግሪብ ገበያ ካለፈ በኋላ አውሮፓ ሲደርስ የሞሮኮ ቆዳ እየተባለ ይሸጥ ነበር። በሱዳን በኩልም ቆዳ የሚለፋው ገረድ በሚባለው የግራር ፍሬ ነው። እንግዲህ መተማ የደጋው ቆዳ ሥራና የሳሕል ቆዳ ሥራ በአንድ ገበያ የሚተያዩባት በር ነበረች ማለት ነው። ክርስቲያኑ በብራና የተጻፈ ክታቡን ጠቅልሎ በቆዳ ያሰፋል፤ ሙስሊሙም የቁርኣን ቃል የተጻፈበትን ወረቀት አጥፎ እንዲሁ በቆዳ ያሰፋል፤ ሁለቱም ስፌቱ አንድ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ እንዳይከፈት ይሻሉ።

ማኅደር ግን በየቀኑ ሊከፈትና ሊዘጋ የሚገባው ነው፤ ችግሩም ከዚህ ላይ ይጀምራል። መዝሙረ ዳዊት የሚከተትበት ማኅደር ወፍራም ቆዳ ተቆርጦ፣ በመጽሐፉ መጠን ታጥፎ፣ ጎንና ጎኑ በቀጭን ጠፍር ተሰፍቶ፣ ክዳንና ማንገቻ የተደረገለት ነው። ጠብቆ ካልተሰፋ መጽሐፉ በውስጡ እየተንገዋለለ ጠርዙ ይበላል፤ እጅግ ከጠበቀ ደግሞ ደብተራው ሲያወጣው አፉን እየለጠጠ ስፌቱን ይበጥሰዋል። ጥር 1880 ዓ.ም. የሱዳን የደርቡሽ ጦር በዚሁ በመተማ በኩል ወጥቶ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱ ከነመጻሕፍታቸው ሲነዱ፣ ከዚህ ዓይነቱ የእጅ ሥራ ምን ያህሉ ዐመድ እንደ ሆነ ሳስበው ያሳዝነኛል።

ወደ ዛሬዋ ቦርሳ ይበልጥ የሚቀርበው ዝናሩ ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከግብፅ ሠራዊት ብዙ ሬሚንግተን ጠመንጃ ከተማረከ በኋላ፣ ጥይትን በሥርዓት ደርድሮ መያዝ ለብዙ ወታደር ዐዲስ ጉዳይ ሆነ። የቆዳ ዝናር በአንድ መታጠቂያ ላይ ጎን ለጎን የተሰለፉ ትንንሽ ኪሶች ያሉት ነው፤ በሁለት ኪሶች መካከል የሚወርደው አንድ መስመር ስፌት ለግራውም ለቀኙም ስለሚያገለግል፣ ከሁለቱም ወገን ይሳባል። ጥይቱ ሲሮጡ እንዳይወድቅ ኪሱ መጥበብ አለበት፤ በጭንቅ ጊዜ ግን በሁለት ጣት ፈጥኖ መውጣት አለበት፤ ያ ሁሉ ስሕበት የሚያርፈውም በአፉ ላይ ባለችው በመጀመሪያይቱ ስፌት ነው።

ይህን ያህል የሚያስብ እጅ የነበረው ሰው ግን ፋቂ እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ሥራው ለመጽሐፉ ልብስ፣ ለአርበኛው ትጥቅ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ከማኅበር የሚለይበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለእኔ ፍጹም አይገባኝም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ከታላላቅ ሥራዎቻቸው አንዱ ነው፤ የስድቡ ልማድ ግን ከዐዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ።

አሁን ወደ ቦርሳዋ እንመለስ። የባንክ ካርድ ርዝመቱ 85.6 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 54 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቆዳ በአገልግሎት ብዛት ስለሚለጠጥ ኪሱ ከዚህ በጥቂቱ ብቻ ሰፍቶ ይቆረጣል። አራት ኪስ በላይ በላዩ ሲደረብ ዳሩ እንደ ጉብታ ስለሚያብጥ፣ የቆዳው ጠርዝ አስቀድሞ በስለታም ቢላዋ መሳሳት አለበት። ቀዳዳው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር እየተራራቀ በማስመሪያ ምልክት ይደረግበታል፤ ስፌቱ ያምራል ተብሎ ቀዳዳ ቢቀራረብ ቆዳው በዚያው መስመር ይቀደዳል፤ ብዙ ጀማሪም የሚሳሳተው በዚህ ነው። ወስፌውም ጥቂት ዘንበል ብሎ ቢበሳ ቀዳዳዎቹ አንዱ ከሌላው ጋር በቀጥታ አይገጥሙምና ቀድ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ አይዘልቅም። የመተማ ሙቀት በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ በዚያ አገር የሚያዝ ቆዳ ቅባት ካላገኘ ደርቆ ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል።

ክሩ የመተማ መንገድ ለብዙ ዘመን ባመላለሰው በንብ ሰም ይታሻል፤ በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ ይሰካበትና ሁለቱም በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ጎን ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ከኪሱ አፍ ሲደረስ ቀዳዳው በከንፈሩ ላይ እንዳይወድቅ፣ አንዱ ከከንፈሩ በታች፣ አንዱም ከበላይ ባለው ቆዳ ላይ እንዲያርፍ ተለክቶ፣ ክሩ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ተሻግሮ ይታሰራል። አሳሳቡም ልከኛ ይሁን፤ ኀይለኛ እጅ በሰም የታሸ ክር ቆዳውን እንደ ምላጭ እንዲቆርጠው ያደርጋል። በመጨረሻ ክሩ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተደገመ በኋላ ከሥሩ ይቆረጣል፤ በዝናሩም ሆነ በቦርሳዋ የተሰፋው የሚፈተነው ግን ጣት ገብቶ አፉን በከፈተው ቁጥር ነው።