ሰማያዊው ክዳን፦ የናፍጣ ጭስ ማጣሪያ ፈሳሽ ታሪክና የባለመኪናው ድርሻ



የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ ትንሽ ክዳን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለምርምር ጀርመን አገር በቆየሁበት ጊዜ የምነዳት የናፍጣ መኪና በዳሽቦርዷ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አሳየችኝ። «አድብሉ» የተባለው ፈሳሽ ካልተሞላ ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ ሞተሩ አይነሣም ይላል። ዕድሜዬን ሰነድ እንጂ ሞተር መርምሬ ስለማላውቅ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ደወልኩ፤ የሳምንት ቀጠሮ ተሰጠኝ። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ይህን ሲሰሙ ሣቁና ከነዳጅ ማደያ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ገዝቼ ራሴ እንድሞላው መከሩኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ከናፍጣው መሙያ አጠገብ ያለውን ሰማያዊ ክዳን ከፈትኩ፤ ፈሳሹን ሞላሁ፤ የተንጠባጠበውን በውኃ አጠብኩ። ሥራው ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ያን ዕለት ማታ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። ይህን ያህል ቀላል ሥራ ከባለመኪናው እጅ ለማራቅ ታላላቅ ኩባንያዎች ያን ያህል የደከሙት ለምንድን ነው? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የፈሳሹ ታሪክ ከመኪናው ታሪክ ይቀድማል። በ1828 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪክ ቮለር፣ እስከዚያ ድረስ ከሰውና ከእንስሳት አካል የሚገኝ ንጥረ ነገር ብቻ ተደርጎ ይታይ የነበረውን ዩሪያ በቤተ ሙከራ ሠራ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ የመለወጥን ዘዴ ለኢንዱስትሪ ካበቁ በኋላ፣ ዩሪያ ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ይመረት ጀመር። የአገራችን ገበሬ በማሳው ላይ የሚበትነው ነጭ ማዳበሪያ ይኸው ዩሪያ ነው።

ዩሪያን ከማሳ ወደ ጭስ ማውጫ ያመጣው የናፍጣ ሞተር ጠባይ ነው። የናፍጣ ሞተር በነዳጅ ቁጠባው ይመሰገናል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ከፍተኛ ሙቀትና ትርፍ አየር ሳንባን የሚጎዱ ናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ይፈጥራል። ጃፓን በ1970ዎቹ በኃይል ማመንጫዎቿ ጭስ ላይ አሞኒያ እየጨመረች፣ በካታሊስት አማካይነት እነዚህን ጋዞች ጉዳት ወደሌላቸው ናይትሮጅንና ውኃ ትለውጥ ጀመር። አሞኒያን በመኪና ጭኖ መዞር ግን አደገኛ ነው። መፍትሔው ዩሪያ ሆነ፤ በውኃ የሟሟ ዩሪያ በጋለ ጭስ ውስጥ ሲረጭ ተሰባብሮ አሞኒያ ይሰጣልና። ዛሬ የምንጠቀምበት ፈሳሽ 32.5 በመቶ ዩሪያ ሲሆን ቀሪው 67.5 በመቶ ማዕድናቱ የወጡለት ንጹሕ ውኃ ነው። ይህ መጠን የተመረጠው ፈሳሹ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ በረዶ ሳይሆን ስለሚቆይ ነው። አድብሉ የሚለው ስም የጀርመን የመኪና ኢንዱስትሪ ማኅበር የንግድ ምልክት ነው።

ፈሳሹ ከ2005 ጀምሮ በአውሮፓ ከባድ መኪኖች ላይ ሲስፋፋ ሾፌሩ እንደ ናፍጣው ሁሉ ራሱ ይቀዳው ነበር። በዚያም ማንም አልተደናገጠም። ችግሩ የመጣው ፈሳሹ ወደ ቤት መኪና ሲዛወር ነው። መኪና ሠሪዎቹ ገዢው ሁለተኛ ፈሳሽ መሙላት ይታክተዋል ብለው ሠጉ። ስለዚህ ፈሳሹ ከአንዱ ሰርቪስ እስከ ቀጣዩ መድረስ፣ የሚሞላውም በሜካኒክ እጅ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ብዙ ፈሳሽ ሰፊ ማጠራቀሚያ ይፈልጋል፤ ሰፊ ማጠራቀሚያ ደግሞ ቦታ ይሻማል፤ ወጪም ይጨምራል።

የዚህ ስሌት ውጤት በሴፕቴምበር 2015 በአደባባይ ታየ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ቮልስዋገን በናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ መኪናው በፈተና ላይ መሆኑን የሚለይ ሶፍትዌር መክተቱን ይፋ አደረገ። ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪኖችን ነካ። ሁሉም አድብሉ የሚጠቀሙ አልነበሩም። ኩባንያው በ2017 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን ሲያምን ከቀረበው ሰነድ የምንረዳው ግን፣ ከሚጠቀሙት መካከል በአንዳንዶቹ ሶፍትዌሩ በመንገድ ላይ የሚረጨውን ፈሳሽ ይቀንስ እንደነበር ነው። ዓላማው ማጠራቀሚያው ለ10,000 ማይል፣ ማለትም እስከሚቀጥለው ሰርቪስ፣ እንዲዘልቅ ነበር። የወንጀል ቅጣቱ ብቻ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ሆነ።

ለእኔ ከዚህ ይልቅ አስተማሪ የሆነብኝ የአውሮፓ ኮሚሽን በጁላይ 2021 ያሳለፈው ውሳኔ ነው። ኮሚሽኑ እንደደረሰበት፣ ዳይምለር፣ ቢ.ኤም.ደብልዩና የቮልስዋገን ቡድን ከ2009 እስከ 2014 ስለ አድብሉ ማጠራቀሚያ ስፋት፣ በአንድ ሙሌት ስለሚኬደው ርቀትና ስለ ፈሳሹ አማካይ ፍጆታ ተስማምተው ነበር። ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ጭስን ማጽዳት የሚያስችል ቴክኖሎጂ በእጃቸው እያለ በዚያ ላለመወዳደር ወሰኑ። ቅጣቱ 875 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፤ ዳይምለር ምሥጢሩን ራሱ ስላጋለጠ ከቅጣት ዳነ።

አንድ ተማሪዬ «ዶክተር፣ ይህ የስስት ታሪክ እንጂ የክዳን ታሪክ አይደለም» ሲል ሞግቶኛል። ክርክሩ ሚዛን ይደፋል። ይሁን እንጂ ስስት ሰበብ አያጣም፤ እዚህ ላይ ሰበቡ የባለመኪናው ስንፍና ነበር። ያ ሰበብ ሐሰት እንደነበር ዛሬ በየማደያው እናያለን። ባለመኪናው ራሱ ይሞላል። የአውሮፓ ሕግም ቢያንስ 2,400 ኪሎ ሜትር ሲቀር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ያዛል። ስለ አሠራሩም ማወቅ የሚገባው ጥቂት ነው፦ ጀሪካኑ ላይ አይ.ኤስ.ኦ 22241 የሚለውን የጥራት ደረጃ መፈለግ፣ ፈሳሹን በናፍጣው ማጠራቀሚያ ውስጥ አለመጨመር፣ በስሕተት ከተጨመረም ሞተሩን ሳያስነሡ ባለሙያ መጥራት።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ዩሪያ በየገበሬው ቤት ስላለ ከማዳበሪያው ከረጢት ወስዶ በውኃ በጥብጦ መሙላት የሚቻል ሊመስል ይችላል። አይቻልም። በማዳበሪያው ውስጥ የሚገኙ ባዕድ ነገሮች ካታሊስቱን ያበላሻሉ።

ከማሳው ጋር ያለው ዝምድና ግን በሌላ መንገድ እውነተኛ ነው። በ2021 መገባደጃ ቻይና ወደ ውጭ በሚላክ ዩሪያ ላይ ቁጥጥሯን ስታጠብቅ፣ ለተሽከርካሪ የሚሆነውን ዩሪያ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከእርሷ ትገዛ የነበረችው ደቡብ ኮሪያ ተጨነቀች። መንግሥቷ ለቤት መኪና በአንድ ጊዜ ከ10 ሊትር፣ ለከባድ መኪና ከ30 ሊትር በላይ እንዳይሸጥ ገደበ። 27,000 ሊትር ፈሳሽ ለማምጣትም ወታደራዊ አውሮፕላን ወደ አውስትራሊያ ላከ። ዩሪያን ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል ለምታስገባ አገር ይህ ጭንቀት እንግዳ አይደለም። የሴኡል ሾፌርና የጎጃም ገበሬ አንድ ገበያ ላይ ቆመው ነበር።

ውድ ተማሪዎቼ፣ የቴክኖሎጂን ታሪክ ስታጠኑ ማን እንደፈለሰፈው መጠየቅ አይበቃችሁም። ማን እንዲነካው፣ ማንስ እንዳይነካው እንደተወሰነ፣ ውሳኔውም በማን ስብሰባ ላይ እንደተላለፈ ጠይቁ። ለዚህ ፈሳሽ መልሱ የተገኘው ከማጠራቀሚያው ስፋት ላይ ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን በየመንገዱ ዳር የሚተነፍሰው ሰው ነበር።