«ነርቭ» የማን ዘር ነው?

ሪያድ ውስጥ አንጎልን የሚያጠኑ ወጣቶች ሙያቸውን በዓረብኛ «ዒልም አል አዕሳብ»፣ ማለት የነርቮች ዕውቀት፣ ይሉታል። «ዐሰብ» ነርቭ ማለት ሲሆን የግሱ ፍች ማሰርና መጠምጠም ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት በዚህ ስም ተጠራ፤ ነርቭም ስሙን ተጋራው። ከዚሁ ሥር «ዑስባ»፣ ማለት ጭፍራ፣ እና «ዐሰቢያ»፣ ማለት የወገን ትስስር፣ ወጥተዋል። የታሪክ ጸሐፊው ኢብን ኻልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» መንግሥታት እንዴት ተነሥተው እንደሚወድቁ የተነተነው በዚህችው «ዐሰቢያ» ነው። «ኒውሮሳይንስስ» የተባለው የሙያው መጽሔት ከ1996 ጀምሮ በሚታተምባት ከተማ ተሰባስበው ስለ አንጎል ለሕዝብ ለሚያስረዱ ወጣቶች ከ«ዐሰብ» ይበልጥ የሚስማማ ስም አላውቅም።

በግሪክም «ኔውሮን» መጀመሪያ ጅማት ነበር። ጅማትና ነርቭ ሁለቱም ነጭና ክር መሰል ናቸውና በዓይን መለየቱ አስቸጋሪ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ውስጥ አስከሬን እየከፈተ የመረመረው ሄሮፊሎስ ነርቭን ከጅማት ለየው፤ ስሙ ግን ሳይለይ ቀረ። ላቲን «ኔርቩስ» አለው፤ የእኛ «ነርቭ» የዚያ ዘር ነው።

ግዕዝ የራሱ ቃል ነበረው፤ «ሥርው»፣ ሲበዛ «አሥራው»። የዛፍ ሥር፣ ጅማት፣ ነርቭ፣ ሁሉም ይጠሩበታል። «ሥርወ ቃል» የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው። አማርኛ «ሥር»ን ለዛፍና ለደም ሥር አስቀርቶ ነርቭን ከውጭ ተዋሰ። መዋሱ ነውር አይደለም። ይሁን እንጂ ለእናቶቻችን የሚያስተምር ሰው «መልእክት የሚያደርስ ሥር» ብሎ ቢጀምር ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ሁሉም ነባር ቃል ግን እንዲህ አይረዳም። «የሚጥል በሽታ» እንላለን፤ የዓረብኛው «ሰርዕ»ም መሬት ላይ መጣል ከሚል ግስ የወጣ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ቆሞ ያየ ሰው ያየውን ነው፤ መውደቁን። «ይጥላል» ከተባለ ደግሞ «ማን ጣለው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ የብዙ ሰው ሕመምም ሐኪም ሳያየው የመንፈስ ሥራ ተብሏል። የሚጥለው ግን በአንጎል ሕዋሳት ውስጥ በድንገት የሚነሣ ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ብዙዎቹ ሕሙማን መድኃኒት በአግባቡ ከወሰዱ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

የሪያድ ወጣቶች ስለ አንጎል በዓረብኛ የሚሰጡት ትምህርት ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሚኖሩበት የከተማዋ ሰፈር ለመንፉሃ በአማርኛም ሊደርስ ይገባል። በሪያድ ሆስፒታሎች የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ይህ የእናንተ ድርሻ ነው። እስከዚያው አንባቢ ሆይ፣ ሰው ሲወድቅ ብታይ ክብሪት አታስሸትተው፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገባ፤ እጅ እግሩንም ጨምድደህ አትያዘው። ሊጎዳው የሚችለውን ዕቃ አርቅለት፤ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኛው። መንፈራገጡ 5 ደቂቃ ካለፈው ግን አትጠብቅ፣ አምቡላንስ ጥራ፤ ሳዑዲ ውስጥ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ቁጥር 997 ነው።