በሯ ስትከፈት ያዩ ሰዎች

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። የዛሬው ወሬዬ ስለ ሁለት ጀርመናውያን ነው። አንዱ ኤርቪን ኔኸር፣ ፊዚክስ የተማረ፤ ሌላው በርት ዛክማን፣ ሕክምና የተማረ። ሙኒክ ተዋወቁ፤ ሥራቸውን የሠሩት ግን ጌቲንገን ከተማ፣ ማክስ ፕላንክ ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው።

ከእነሱ በፊት ሆጅኪንና ሃክስሊ የሚባሉ እንግሊዛውያን ነበሩ። ከስኩዊድ ወፍራም ነርቭ ላይ ኮረንቲ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1952 ቀመሩን አወጡ። ሃክስሊ ያን ሁሉ ስሌት የሠራው በእጅ በሚዘወር ማስያ ነው፤ ክንዱን ይመርቅለት! በ1963 ኖቤል ተሸለሙበት። ይሁንና የለኩት በነርቩ ሽፋን ላይ ባሉ፣ አዮን (ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት) በሚያልፍባቸው እልፍ አእላፍ በሮች የሚፈሰውን ድምር ነበር፤ የመርካቶን ሁካታ ከሩቅ ሰምቶ አንዱ ነጋዴ ስንት እንደጠራ መገመት በሉት። አንዲቷን በር፣ ለብቻዋ፣ ያየ አልነበረም።

እንዴትስ ይታይ? አንዲት በር ስትከፈት የምታሳልፈው ጥቂት ፒኮአምፒር ነው። አንድ አምፒርን ለሚሊዮን ከፍላችሁ፣ የደረሳችሁን እንደገና ለሚሊዮን ክፈሉት፤ ፒኮአምፒር ያ ነው። ደግሞ እንዳትንቁት! በአንድ ፒኮአምፒር ውስጥ በሰከንድ ስድስት ሚሊዮን ያህል አዮን ይጎርፋል።

ለዚህ የተሰናዳውን ዕቃ ልንገራችሁ። ከወለሉ ንዝረት የተጠበቀ ከባድ ጠረጴዛ አለ። ዙሪያው በብረት ወንፊት ይታጠራል፤ አለዚያ የግድግዳው ኮረንቲ እየገባ ልኬቱን ያበላሸዋል። ከዚያ ማይክሮስኮፕ፣ ከዚያ የኮረንቲ ማጉያ። ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ በሙቀት ሲለሰልስ ይሳብና ጫፉ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል፤ በውስጡ ጨዋማ ውሃና የብር ሽቦ ይገባል።

በ1976 ኔኸርና ዛክማን ይህን ፒፔት የሚባል ቱቦ በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ አሳረፉት። ጡንቻው ነርቩ አስቀድሞ የተቆረጠ ነበር፤ ነርቭ ሲቆረጥ አሴቲልኮሊን የሚባለው የነርቭ ኬሚካል የሚከፍታቸው በሮች (ተቀባዮች) በጡንቻው ገጽ ሁሉ ይሠራጫሉና ለማግኘት ይቀላል። ኮረንቲውን የሚያሳየው መስመር ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት እንደ ደረጃ ወረደ፣ ተመልሶም ወጣ። ተከፈተች፤ ተዘጋች!

ደስታው ሙሉ አልነበረም። ብርጭቆውና የሕዋሱ ሽፋን በደንብ ስለማይጣበቁ ኮረንቲው በጎን ይሾልካል፤ ረብሻው ትናንሾቹን በሮች ይውጣቸዋል። በ1980 ኔኸር አንድ ነገር አስተዋለ፦ ፒፔቱ አዲስና ንጹሕ ከሆነ፣ ከኋላውም አየሩ ሳብ ከተደረገ፣ ብርጭቆውና ሽፋኑ ግጥም ይላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ማኅተም ከመቶ እጥፍ በላይ ይጠብቃል። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ ሁሉ ኤሌክትሮኒክስ ይልቅ ይህች ሳብ ማድረግ ናት። ዛሬም ስንቱ ተመራማሪ ቀጭን ቱቦ አፉ ውስጥ አድርጎ ይስባል መሰላችሁ! ሕዋስ የነካ ፒፔት ግን ንጹሕ ስላልሆነ ይጣላል፤ ለሚቀጥለው ሌላ ይሳባል።

በ1981 ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር አምስት ሆነው አሠራሩን ከብርጭቆው ዝግጅት ጀምረው ጽፈው አወጡት፤ የቻለ ሁሉ ቀዳው። ኔኸርና ዛክማን በ1991 ኖቤል ተሸለሙ።

ዘዴው ወደ መድኃኒት ፋብሪካም ዘለቀ። ቴርፌናዲን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ነበር። ኸርግ የተባለችውን የልብ የፖታሲየም በር እየዘጋ የልብ ምት ማዛባቱ ታውቆ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ወጣ። አሁን ለገበያ የሚታሰብ አዲስ ውህድ አስቀድሞ በዚህችው በር ላይ ይሞከራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አየሩን ሳብ የሚያደርገው ማሽን ነው።