የደብረ ታቦር ቦታ በማን እጅ?

ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። በዘመነ መሳፍንት፣ ጎንደር ያሉት ነገሥታት በስም ብቻ ሲነግሡ፣ የአገሩ ኃይል ወደዚህ ተሻገረ። ኋላም አፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው አደረጓት፤ በአቅራቢያዋ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ወደ መቅደላ ሲነሡ ግን ከተማዋን በእሳት አጋዩአት። አንዱ ቆረቆራት፣ ሌላው አቃጠላት፤ ነዋሪውን የጠየቀ አልነበረም።

የቤት ጉዳይና የሰፈር ምርጫ የተገናኙት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፤ ኪራይ ተቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ። የጭቃ ቤት በሚበዛበት የደጋ ከተማ ከዚህ በላይ የሚከራይ ቤት ብዙ አይገኝም፤ ስለዚህ ተከራዩ ደጅ የሚጠናው የመረጠውን የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር። ጎረቤት በጎረቤቱ ድምፅ የቤት ቁልፍ ያዘ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ክፋቱ፣ ቀበሌው ወዲያው ጠመንጃ ታጥቆ የደርግ ክንድ ሆነና በቀይ ሽብር ዘመን የሚፈራ ደጅ ሆነ። ኪራዩም ዝቅ ብሎ ስለቀረ ለጣሪያ ጥገና እንኳ አልበቃም፤ የቀበሌ ቤቶች እያዘመሙ አረጁ።

ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ቦታ በሊዝ ይሰጣል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲመክርበት ያዛል። ሕጉ መልካም ነው። ምርጫው ግን አልተከተለውም። የአካባቢ ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ተካሄደ፤ በሁለተኛው 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አገለሉ፤ መራጩም የአንዱን ዕጩ የቤት ሐሳብ ከሌላው ጋር የሚያስተያይበት ዕድል አላገኘም።

የሚያስተያየው ሞልቶ ነበር። ለቤት ሥራ ማኅበራት ቦታ በምን ተራ ይሰጥ? የቀበሌ ቤት ሲፈርስ ተከራዩ የት ይግባ? ከተማዋ ወደ ፋርጣ ወረዳ ማሳ ስትሰፋ ገበሬው ከካሳው ሌላ ምን መተዳደሪያ ያግኝ? ገብሱንና ድንቹን ከዚያው መሬት የሚያመርት ሰው ለዚህ ጥያቄ በስሙ የሚመልስለት ተመራጭ ይገባዋል።

በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ። በ2013 ዓ.ም. የከተማ ምክር ቤት የተመረጠው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ነው። የአንድ መዋቅራዊ ፕላን የአገልግሎት ዘመን በሕጉ 10 ዓመት ነው፤ ደብረ ታቦር ለከተማዋ ምክር ቤት ድምፅ ከሰጠች ግን ከዚያ በላይ ሆኗታል።